ትንሽ አሟታል

ባለቤቴ የሺሐረግ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር አጠገብ የሰው ስልክ ታስቀምጥ ነበር። ጠያቂ ስልክ ይዞ አይገባም። ስለዚህ ለእሷ ይሰጣታል፤ እሷ ከካርቶን የተቆረጠ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ ሲወጣ ቁጥሩን መልሶ ስልኩን ይወስዳል። ሳሙናና ሶፍትም ትሸጣለች፣ ሰው የሚያውቃት ግን በስልኩ ነው። መሳቢያዋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስልክ ይጮሃል። አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። «የሰው ወሬ ነው፤ ክፉም ይሁን ደግ ባለቤቱ ይስማው» ትል ነበር።

እኔ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት መካኒክ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የሺ ስትታመም በእሷ ቦታ ተቀመጥኩ። አሁንም እዚያው ነኝ። ይህንንም የምጽፈው እዚያው ተቀምጬ፣ በስልክ ጩኸት መሀል ነው።

ልጃችን ፍቅርተማርያም አንድ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፈችም፤ በዚያ ዓመት ከክፍሏ ያለፈው ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም ነበር፣ እሷ ግን የወደቀችው ብቻዋን ይመስል ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጣችም። አንድ ቀን ለመከላከያ ተመዝግቤ መጣሁ አለችን። እናቷ አየቻትና፣ «ካልሲ በደንብ ያዢ» አለቻት።

በመስከረም ገባች። በኅዳር መጨረሻ ጓዝ ተሸክመው ረጅም ጉዞ ሲጓዙ የግራ እግሯ አጥንት ተሰነጠቀ። ስትድንም ከሚቀጥለው ዙር ጋር እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ ተባለች። ምልምሎቹ እሁድ እሁድ ጠዋት በጋንታ መሪያቸው ስልክ አምስት አምስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። በዚያች አምስት ደቂቃ ነው የነገረችን።

«አባዬ፣ ዙር አወረዱኝ። አብረውኝ የገቡት ቀድመውኝ ሊመረቁ ነው። ልመጣ ነው፣ በቃኝ።»

የሺ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ፍቅርተ፣ የተሰነጠቀው እግርሽ ነው አይደል?»

«አዎ እማዬ።»

«ታዲያ ወሬሽ ለምን ያነክሳል?»

ወዲያ ማዶ ሳቅም ልቅሶም የሆነ ነገር ተሰማ። እዚያው ቆየች፤ ስልጠናውን እንደገና ጀመረች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ በምትሮጥበት ሰዓት ተነስቼ የቱሉ ዲምቱን መንገድ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ጉልበቴ ደህና አይደለም። ግን እሁድ ስትደውል «ስንት ሄድክ?» ትለኛለች፣ «ከአንቺ አላንስም» እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ እንደምመለስ አልነገርኳትም።

ለገና ፈቃድ ይሰጣቸዋል ተብሎ ነበር። የሺ ዶሮ ገዛች። ዋዜማው ላይ ፈቃዱ ቀረ ተባለ። የሺ፣ «እሷ ሳትኖር አይታረድም» አለችና ዶሮው ከረመ። ለጥምቀት ይመጣሉ ተባለ፤ እሱም ቀረ። ዶሮው ግቢ ውስጥ እየተንጎራደደ ወፈረ፣ ጎረቤቱን ሁሉ መንቆር ጀመረ። ከሱቃችን ጎን ፎጣና ነጠላ ጫማ የምትሸጠው ሀኪማ፣ የወሎ ሰው ናት፣ ቤታችን በመጣች ቁጥር፣ «ይሄ ምልምል ወታደር ዛሬም አልተመረቀም?» ትል ነበር።

በየካቲት የየሺ ዓይን ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ ጉበት ነው አለ። እሷን ውጭ አስቀምጦ እኔን ብቻ ጠራኝ። ስወጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን አቅፋ ጠበቀችኝ።

«ብቻህን ከጠራህ ገብቶኛል» አለች። «አሁን አንድ ነገር ማልልኝ። ፍቅርተ ስልጠናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ። አንዴ ወድቃለች፣ አንዴ ተሰብራለች። በእኔ ምክንያት ጥላው ብትመጣ ሦስተኛ አትነሳም።»

ማልኩላት። ከዚያ በኋላ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ አትናገርም ነበር። ድምጿን ለእሁድ ታስቀምጠዋለች። ስልኩ ሲጮህ ቀና ብላ ትቀመጥና እንደ ድሮዋ ትቆጣታለች፣ ታሾፍባታለች፤ አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ልጅቷ አንድም ቀን አልጠረጠረችም።

በመጋቢት ሌላ ነገር መጣ። ከከፍተኛ ግንብ ላይ በገመድ የሚወርዱበት ፈተና አለ። ፍቅርተማርያም ጫፉ ላይ ስትደርስ ደርቃ ቀረች። ሁለት ጊዜ። እግሯ ያንን ስንጥቅ አልረሳም። ከፋሲካ በኋላ አንድ የመጨረሻ ዕድል አለሽ፣ ካልሆነ ትሰናበቻለሽ ተባለች። የፋሲካው ፈቃድ ደግሞ አንድ ሳምንት አለ ይባላል፣ አንድ ሳምንት የለም ይባላል።

የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ የሺ ጠራችኝ። ድምጿ ጆሮዬን ካላስጠጋሁ አይሰማም ነበር።

«ካሳሁን፣ ልጄን ልያት።»

«አትንገራት ብለሽ አስምለሽኝ የለም?»

«አትንገራት። ግን አምጣት።»

እንዴት እንደሚሆን አልነገረችኝም። ሱቅ ሄድኩና ስልኬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ለጋንታ መሪዋ፣ ለመቶ አለቃ ለሜሳ ደወልኩ። ወጣት ነው፤ በስልክ ብቻ ነው የማውቀው።

«የመቶ አለቃ፣ ካሳሁን ነኝ፤ የፍቅርተማርያም አባት።»

«እንደምን ነዎት ጋሽ ካሳሁን። ስለ በዓሉ ፈቃድ ከሆነ እስካሁን አልታወቀም። ወላጅ ሁሉ እየደወለ ነው። ሐዘን ካልሆነ በቀር ለአንድ ሰው ለይቼ መስጠት አልችልም።»

«ለበዓሉ አይደለም። እናቷ ትንሽ አሟታል።»

ከበስተኋላው ሩቅ የሚቆጥሩ ልጆች ድምፅ ይመጣል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት።

«መቼ ነው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከየካቲት ጀምሮ ነበር፣ አሁን ግን...»

«ይተዉት ጋሽዬ። አይንገሩኝ፤ ገብቶኛል። የእናቴን እኔም እንዲሁ ነው የሰማሁት። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ያኔ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። በእኛ አገር ለሩቅ ልጅ እናትህ ሞተች ተብሎ አይደወልም። ትንሽ አሟታልና ና ይባላል። ልጁም ያውቃል፣ ደዋዩም ያውቃል። እኔም ለስንቱ ደውዬ ብያለሁ። አሁን እውነቱን ልናገር ስል፣ ለእውነቱ የቀረኝ ቃል ያው ነበር።

«የመቶ አለቃ...» አልኩ።

«ግድ የለም። እዚህ አንነግራትም። ‹እናትሽ ትንሽ አሟታል› ብዬ ከመንገዱ ሌላ ሦስት ቀን ሰጥቼ እልካታለሁ። መርዶውን እናንተ ሰው አሰባስባችሁ ትነግሯታላችሁ። ስትመለስ ከእድር አንድ ወረቀት ይዛ ትምጣ።»

አልሞተችም ማለት ይበቃ ነበር። አንድ ቃል ነው። ከንፈሬ ላይ ነበረ። ብናገረው ፈቃዱ እንደሚቀር አውቃለሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩና ዘጋሁ።

ሀኪማ ፎጣ እያጠፈች ሰምታኝ ኖሮ ፎጣውን ጣለችው።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉ?»

«ታማለች ነው ያልኩት። ታማ የለም እንዴ?»

«በስልክ እኮ ነው ያሉት! ልጅቷ ያንን ሁሉ መንገድ በየትኛው ነፍሷ ነው የምትጨርሰው? ይደውሉ፣ አሁኑኑ ይደውሉ!»

እሺ አልኳት። አልደወልኩም። ሐሙስ ጠዋት ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ዓርብም ዝግ ነበር። ለየሺ ትመጣለች ብቻ አልኳት። እንዴት ብላ አልጠየቀችኝም።

ቀዳም ሥዑር ወደ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ቄሱ በየቤቱ እየዞሩ ቄጠማ ሲያድሉ ቆይተው ገና ማለፋቸው ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ሕፃን አዋቂው፣ ራሱ ላይ ቄጠማ አስሯል። እኔ ለየሺ አስሬላት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከመንገዱ ጫፍ ጩኸት ተነሳ።

«እማዬ! ሳልደርስልሽ! እማዬ! የሰው አደራ ጠባቂዋ፣ እኔን ለማን ጣልሽኝ!»

ድምጿን አወቅኩት። ጎረቤት በሩን እየከፈተ ወጣ። «የሺሐረግ ሞተች እንዴ? መቼ?» ይላል አንዱ። ሌላዋ ሳትጠይቅ ተቀብላ ታለቅሳለች። በአንድ አፍታ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቄጠማ ራሱ ላይ እንዳለ ደረቱን ይመታ ጀመር።

የሺ ዓይኗን ገለጠች።

«ካሳሁን፣ ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ስሜን ይጠራሉኮ።»

ከዚያ የልጅቷን ድምፅ ለይታ ሰማችው። አየኋት፤ ሁሉም ነገር ፊቷ ላይ አለፈ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን እጇን አነሳችና ዝም በል አለችኝ። ጆሮዋን ሰጥታ መስማት ጀመረች። ልጇ በሩ እስክትደርስ ድረስ፣ ቤት ውስጥ ሆና፣ የራሷን ልቅሶ ሰማች።

ፍቅርተማርያም የወታደር ልብሷ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ከስታለች፤ ፊቷ ፀሐይ በልቶታል። ደጃፉ ላይ ቆማ አልጋውን አየችና ድምጿ መሀል ላይ ተቋረጠ።

«ነይ ወዲህ» አለቻት እናቷ። «አልሞትኩም። ትንሽ አሞኛል።»

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ የገቡት ሴቶች ግማሾቹ እልል አሉ፣ ግማሾቹ አማተቡ፣ አንዷ በሳቅ ወደቀች። ሀኪማ ሁሉንም እየገፋች አስወጣች።

«አባዬ» አለች ፍቅርተማርያም ከወለሉ ሳትነሳ። «ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ እንኳ ስታለቅስልኝ... እንዴት እንዲህ ታደርገኛለህ?»

የሺ መለሰችላት።

«ተይው። የላክኩት እኔ ነኝ። ይልቅ ደህና አድርገሽ ነው ያለቀስሽልኝ። የሰው አደራ ጠባቂዋ ያልሽው ደስ ብሎኛል። ሰምቼዋለሁ፤ ይበቃኛል። ሁለተኛ እንዳትደግሚው።»

ያን ጊዜ ልጅቷ ቀና ብላ የእናቷን ዓይን አየች። ቢጫውን። መርዶ ነጋሪ አላስፈለጋትም።

ፋሲካን አብረን ዋልን። ዶሮው ታረደ፤ አርጅቶ እንደ ጎማ ጠንክሮ ነበር። የሺ አንድ ጉርሻ አላምጣ አላምጣ፣ «ይሄስ ባይመረቅ ይሻለው ነበር» አለች።

ሰኞ ጠዋት ፍቅርተማርያም አልመለስም አለች። «አንቺን እንዲህ ጥዬ? ደግሞ ግንቡን አልችለውም፤ ብሄድም ያባርሩኛል።» የሺ ወደ እኔ ዞራ፣ «ያ የፋብሪካ ገመድህ አለ?» አለችኝ። ግቢያችን ውስጥ የውሃ ሮቶ የተቀመጠበት የብረት ማማ አለ፤ ሁለት ሰው ቁመት ይሆናል። ገመዱን ከላይ አሰርኩ፣ ሦስት ጊዜ በራሴ ክብደት ፈተንኩት። የሺ አልጋዋን ወደ በሩ አስገፍታ ተጋደመች። ፍቅርተማርያም ወጣች። ጫፉ ላይ ደረቀች። ከታች ሆኜ ገመዱን አጥብቄ ያዝኩ።

«እኔ ጊዜ የለኝም» አለች የሺ ከውስጥ። ቀልድ ነበር። ማናችንም አልሳቅንም።

ልጅቷ ወረደች። እያለቀሰች ወረደች። እንደገና ወጥታ ወረደች። የሺ በጣቷ ትቆጥር ነበር፤ ሰባት ስትደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

ማክሰኞ ስትነሳ ስለ እድሩ ወረቀት ጠየቀችን። አስጽፌ ብሄድ በእናቴ ላይ ማሟረት ነው፣ ባልይዝ ደግሞ ውሸታም እባላለሁ አለች። የሺ የፈቃዱን ወረቀት አምጪው አለቻት። ተቀብላ አነበበችው። «ምክንያት፦ የወላጅ እናት ሞት» ይላል፤ ከሥሩ ማኅተም አለው።

«ሂጂና እውነቱን ንገሪያቸው» አለች። «ይሄ ግን እኔ ጋ ይቆያል። የእኔ ነው።»

ከትራሷ ሥር ከሱቅ ያመጣሁላትን የካርቶን ቁጥሮች አወጣች፤ በሽታው ሲበረታባት እነሱን መቁጠር ትወድ ነበር። አንዱን መርጣ ለልጇ ሰጠቻት። አርባ አንድ ቁጥር ነበር።

«ስትመረቂ ይሄን መልሰሽ ወረቀቱን ትወስጂዋለሽ። ቁጥር የጠፋበት ሰው እቃውን አያገኝም፤ ታውቂኛለሽ።»

ፍቅርተማርያም ቁጥሩን ደረት ኪሷ ውስጥ ከታ ቆለፈችው።

በሚቀጥለው እሁድ ደወለች። እውነቱን ለመቶ አለቃው ነግራዋለች። ብዙም አልተቆጣም አለች፤ «‹ለአባትሽ ከልቤ አዝኜ ነበር› ብቻ ነው ያለኝ።» ግን እስክትመረቅ ሌላ ፈቃድ የላትም፤ ለምንም ነገር። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ደውላ ግንቡን ወረድኩት አለች። የሺ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ተኛች።

የሺ በሰኔ ሞተች፤ ዓርብ ቀን፣ ከቀትር በኋላ። ለምርቃቱ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶ ነበር። ከመሞቷ በፊት የተናገረችው ግልጽ ሆኖ የሰማሁት ነገር፣ «እሁድ ስትደውል ደህና ናት በላት» የሚል ነው። ቅዳሜ ቀበርናት።

እሁድ ጠዋት ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ዝናብ ሸራውን ይመታል። ወንዶቹ በአንድ በኩል ካርታ ይዘዋል፤ ሴቶቹ ያወራሉ። ስልኬ ሲጮህ ሀኪማ ቁጥሩን አየችና ብድግ አለች፤ ነጠላዋን እያወዛወዘች፣ «ዝም! ዝም በሉ፣ ልጅቷ ናት!» አለች። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ሳል የያዛቸው አንድ ሽማግሌ አፋቸውን በጋቢያቸው አፈኑ።

«አባዬ፣ እንደምን አደራችሁ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። ለምርቃቱ የሰልፍ ልምምድ ላይ ነን። አባዬ፣ ቤቱ ለምን ጸጥ አለ?»

ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት የጎረቤት ሬዲዮ፣ የልጆች ጩኸት፣ ከአስፋልቱ የከባድ መኪና ድምፅ አይጠፋም። ይህን አላሰብኩትም።

«ዝናብ ነው» አልኳት።

«እማዬን አቅርብልኝ።»

«ተኝታለች።»

«በእሁድ?»

ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።

«ደህና ናት?» አለችኝ።

«ደህና ናት።»

«ምንም አልሆነችም?»

«ደህና ናት አልኩሽ።»

ከበስተኋላዋ አንድ ሰው ጊዜሽ አልቋል ሲላት ሰማሁ። እሷ ግን አልዘጋችም። ስትናገር ድምጿ የልጅነቷን ሆነ።

«አባዬ፣ እባክህ። ትንሽ አሟታል በለኝ።»

ድንኳኑን ሙሉ ሰው አየሁት። ሁሉም እኔን ያያል።

«ትንሽ አሟታል» አልኳት።

«እሺ» አለች። «እሺ አባዬ። ስጨርስ እመጣለሁ።»

የሰኔ ሃያ ዘጠኝ ምሽት ላይ መጣች። የሰፈሩ ሴቶች ሐዘኗን ሊቀበሉ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ማዕረጓን ሳትፈታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በመሀላቸው አለፈች። ድምፅ አላወጣችም። አልጋው ላይ፣ እናቷ ትተኛበት በነበረው በኩል ተቀመጠች። ሀኪማ ትከሻዋን ይዛ፣ «አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ» አለቻት።

«አትድገሚው ብላኛለች» አለች።

ከዚያ የደረት ኪሷን ከፈተች። አርባ አንድ ቁጥርን አውጥታ ዘረጋችልኝ። ካርቶኑ በላብ ርሶ፣ ደርቆ፣ ጠርዙ ተበልቷል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ተቀበልኳት። ከትራሱ ሥር ያንን የፈቃድ ወረቀት አወጣሁና ሰጠኋት።